ቀጭን ፈታይ

ጎንደር ውስጥ ስለ አንዲት ሴት «ባለሙያ ናት» ከተባለ የትምህርት ደረጃዋን የሚጠይቅ የለም። ጠላዋ ተቀምሶ፣ ወጧ ተበልቶ፣ ስፌቷ ታይቶ የተሰጠ ፍርድ ነው። «የጤና ባለሙያ»፣ «የሕግ ባለሙያ» እያልን ቃሉን ቢሮ ብናስገባውም ጓዳውን አልለቀቀም። በጓዳው ካሉት ሙያዎች ሁሉ ይበልጥ የጣት ስልት የሚያስፈልገው ፈትል ነው፤ የላቀችውም «ቀጭን ፈታይ» ትባላለች።

ጥጡ ከቆላው፣ ከመተማ ወገን ይመጣል። ፍሬው በመዳመጫ ይለቀቃል፣ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል። ከዚያ ተራው የእንዝርት ነው። ፈታይዋ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው፣ አመልማሎውን የያዘው እጇ ወደ ላይ ይርቃል፤ ጥጡም ከጣቶቿ መሀል እየሳሳ ይወጣል። ጠበቅ ካደረገችው ይበጠሳል፤ ከለቀቀችው ጉብጉብ ይላል። ልኩን የሚያውቁት ጣቶቿ ናቸው፤ አይኗማ አብዛኛውን ጊዜ ከምታወጋት ጎረቤቷ ላይ ነው።

ድርና ማግ እኩል አይፈተሉም። ድሩ ተወጥሮ ስለሚሸመን ከረር ይላል፤ ማጉ ላላ ይላል፣ የጋቢው ልስላሴና ሙቀትም ከእሱ ነው። የዳባትና የደባርቅ ብርድ በአራት እጥፍ ጋቢ የሚቻለው በዚህ ነው። ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ነው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው። የሴቷን እጅ ማየት የፈለገ ነጠላውን ወደ ብርሃን ይዘርጋው፤ ጥሩ ማግ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ነው፣ ቋጠሮም አይታይበትም።

ድሮ ፈትል የወይዘሮዎችም ሙያ ነበር፤ ቀጭን መፍተል ያስመሰግን ነበር። በጎንደር በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤላውያን እጅ የኖረው ሽመና ግን «ቁጢት በጣሽ» እያሰኘ ያሰድብ ነበር፤ አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ከአንዱ ጋቢ ምስጋናው ለፈታይዋ፣ ስድቡ ለሸማኔው መሆኑ ነው። ሥራው ግን አይለያያቸውም፤ ጎበዝ ፈታይ ያልፈተለችው የላላ ድር እጁ ላይ ሲበጠስበት የሚውለው ሸማኔው ነው፣ ጉብጉብ ያለውን ማግም ጥበቡ አያቃናውም። ስለዚህ ጋቢ የሚገዛ ሰው ጥለቱን ከማድነቁ በፊት ማጉን በጣቱ ይዳብስ።