አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ፦ አባባይ ገዳይ በጅቡቲ ከተማ አድማጭ ጆሮ

በርካሽ ገንዘብ የሚሠሩ፣ ትወናቸው የተጋነነ፣ ሙዚቃቸው ከልክ በላይ የሚጮህ የሥነ ልቦና ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች በሥነ ጽሑፍም ሆነ በቋንቋ ጥናት ክፍሎች ብዙ ክብር አላገኙም። ታሪካቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ መልከ መልካምና ንግግር ዐዋቂ ሰው ይመጣል፣ ያምኑታል፣ ያላቸውን ይወስዳል፣ ይገድላል። ለቋንቋ ተመራማሪ ግን እነዚህ ፊልሞች ውድ ከሆኑት ይልቅ ብዙ ይሰጣሉ። መኪና የሚያጋጭበትና ከተማ የሚያቃጥልበት ገንዘብ የሌለው አዘጋጅ የሚቀረው መሣሪያ ንግግር ብቻ ነው። ገዳዩ ተጠቂዋን የሚያጠምደው በቃል ነውና የፊልሙ ሥጋት በሙሉ በአጠራር፣ በቅላጼና በተውላጠ ስም ላይ ይንጠለጠላል።

ጅቡቲ ከተማ ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተመቸች ናት። ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የቤትና የገበያ ቋንቋዎች ናቸው፤ አማርኛም ከምድር ባቡሩ ዘመን ጀምሮ ከሐዲዱ ጋር ወርዶ እስከ ዛሬ ይሰማል። ከተማዋ በራሷ ይህን ዓይነት ፊልም አትታወቅበትም። የሉላ አሊ ኢስማኢል «ዳሊንያሮ» የሦስት ወጣት ሴቶችን የትምህርት ቤት ማብቂያ ዘመን የሚያይ የረጋ ሥራ ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ የተቀረጸው የኻድር አይደሩስ አሕመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» እ.ኤ.አ. በ2021 በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት ሲወስድ የተወደደለት በዝምታው ነበር። አባባዩ ገዳይ ወደ ከተማዋ የሚገባው ከውጭ፣ ያውም በሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ በሶማልኛ የድምፅ ትርጉም በሚዞሩት የሕንድ ፊልሞች፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን በሳተላይት በሚያሰራጫቸው፣ በአማርኛ በሚናገሩት የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች።

ከሁሉ በፊት ስሙን ማየት ይገባል። አማርኛ ለዚህ ገጸ ባሕርይ አንድ ፊልም ሳይሠራለት በፊት ሙሉ መግለጫ አዘጋጅቶለታል፦ አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ። ቅጽሉ የቆመው በግእዙ የዘርፍ አያያዥ ነው፤ «አፈ» እና «ልበ» የሚለው አናባቢ የዕለት አማርኛ ሥራ አይደለምና ስድቡን የሊቃውንት ልብስ ያለብሰዋል። ሶማልኛም «አፍመዓን» ይላል፤ ጣፋጭ አፍ እንደ ማለት ነው፣ ያለ አያያዥ፣ ስምና ቅጽል ጎን ለጎን። «አፍ» የሚለው ቃል በአማርኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ አንድ መሆኑ የአፍሮ እስያዊ ዝምድና የሚታወቅ ምስክር ነው፤ በሶማልኛና በአፋርኛ ግን አፍ ቋንቋም ማለት ነው። ስለዚህ «አፍመዓን» የሚለው ስም አንደበተ ጣፋጭን ሲጠራ ቋንቋው ጣፋጭ የሆነ ሰው የሚል ድምፅም ያዘለ ይመስላል። ልዩነቱ ሌላም ነው። አማርኛው ፍርዱን እዚያው ይሰጣል፤ ከቅቤው ቀጥሎ ጩቤው ይከተላል። ሶማልኛው ጣፋጩን ብቻ ጠርቶ ይተወዋል፤ ከዳተኛውን ለመጥራት «ዸገርቀቤ» የሚል ሌላ ቃል ያስፈልገዋል። ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚኖረው ደግሞ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

«አጭበርባሪ» የሚለውም ተራ የሚመስል ቃል ሊታለፍ አይገባውም። ግሡ «አጭበረበረ» ብርሃን ዓይን ሲያጥበረብር የምንጠቀምበት ነው፤ ማታለል በአማርኛ በመጀመሪያ የዓይን ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ለወጣው የአባስ–ሙስታን የሂንዲ ፊልም «ባዚጋር» ከዚህ የተሻለ ትርጉም የሚገኝ አይመስልም። ርእሱ ከፋርስ «ባዚ»፣ ማለትም ጨዋታ፣ እና «ጋር» ከሚለው የባለሙያ ምዕላድ የተሠራ ነው። ቃል በቃል «ተጫዋች» ወይም «ቁማርተኛ» ሊባል ይችላል፤ የአማርኛው «-ተኛ» እና የፋርሱ «-ጋር» ሥራቸው አንድ ነውና። ቁማርተኛ ግን ራሱም ሊከስር የሚችል ሰው ነው። አጭበርባሪ ተመልካቹን ጭምር የሚያጥበረብር ነው፤ ሻህ ሩክ ካን በዚያ ፊልም የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

ታሪኩ የተወሰደው አይራ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1953 ካሳተመው «ኤ ኪስ ቢፎር ዳይንግ» ከተባለው ልብ ወለድ ሲሆን፣ አሜሪካውያን ራሳቸው በ1956 እና በ1991 ሁለት ጊዜ ፊልም አድርገውታል። ወጣቱ የባለጸጋውን ልጅ ያፈቅራታል፤ ለጋብቻ ምዝገባ ብሎ ከፍ ወዳለ ሕንፃ ጣሪያ ያወጣታል፤ ይገፈትራታል፤ ከዚያ ወደ እኅቷ ይዞራል። የሌቪን ብልሃት ቋንቋዊ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ገዳዩን «እሱ» እያለ ብቻ ይተርካል፤ በሁለተኛው ክፍል የእኅቲቱ ዓይን ከሚያያቸው ወንዶች የትኛው «እሱ» እንደሆነ አንባቢው ለረጅም ጊዜ አያውቅም። እንግሊዝኛው ለዚህ ተውላጠ ስሙን ደጋግሞ መጥራት ግድ ስለሚሆንበት መሸሸጉ ራሱ ይታያል። አማርኛ ቢሆን ኖሮ መደበቁ አይታወቅም ነበር። «ገፈተራት» በሚለው አንድ ግሥ ውስጥ ገዳዩ አለ፣ ሟቿ አለች፣ የሁለቱም ጾታ አለ፤ ስም ግን የለም። የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ ይህን መሣሪያ በእጁ ይዞ ሳለ ብዙም አለመጠቀሙ የሚያስቆጭ ነው።

ሲኒማ ፊት ያሳያልና ያ ብልሃት በ«ባዚጋር» ውስጥ ሞቶአል። ምትኩ ሁለት ስም ሆነ፤ አጄይ ሻርማ የሚባለው ሰው ቪኪ ማልሆትራ ተብሎ ይገባል። የሂንዲ ቋንቋ ለሁለተኛ መደብ ሦስት ደረጃ አለው፦ «ቱ»፣ «ቱም»፣ «አፕ»። ጀግናው ባለጸጋውን ማዳን ቾፕራን በከፍተኛው የአክብሮት ደረጃ እያናገረ ውክልናውን ተቀብሎ ሀብቱን ያወጣበታል፤ ልጆቹን ደግሞ በቅርበት ደረጃ ያባብላል። በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት ተውላጠ ስም ሁለት ወጥመድ ይዘረጋል ማለት ነው። በዘፈኑ፣ በሚለዋወጠው ልብስና በጆኒ ሊቨር የረሺው አሽከር ቀልድ መካከል ይህ ረቂቅ ነገር በቀላሉ ያመልጣል። ፊልሙ አጉል የተጋነነ መሆኑ አይካድም፤ ማጋነኑ ግን አባባዩን የሚያጋልጠውን ሰዋስው የሚሸፍን መጋረጃ ሆኖ ያገለግላል።

አማርኛ ይህን ሁሉ ሊሸከም ይችላል። «እርስዎ» ጾታ የለውም፤ «አንቺ» አለው። ቪኪ በአማርኛ ቢናገር ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የሚሸጋገርበት ቅጽበት ከማዕረግ ወደ ገላ የሚያልፍበት ነው፤ ቀድሞ የማይጠራው ሴትነት በድንገት በእያንዳንዱ ግሥ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ከዚያም አልፎ አማርኛ ተናጋሪ ወዳጅ የሆነችውን ሴት በፍቅር «አንተ» ብሎ የሚጠራበት ልማድ አለ፤ ሸንጋይ ሰው ይህን ከያዘ ከምስጋና ሁሉ የበለጠ ያባብላል። የቃና ተርጓሚዎች ዕድለኞች የሆኑት የቱርክኛው «ሴን» እና «ሲዝ» ከ«አንተ» እና «እርስዎ» ጋር ሳይቸገሩ ስለሚገጥሙ ነው። ጾታውን ግን ቱርክኛ አይሰጣቸውም፤ ራሳቸው ያመጡታል። ስለዚህ በአማርኛው ቅጂ ማባበል ከመነሻው ይልቅ ገላ ይቀርባል፤ ይህም ከትርጉም ጉድለት ይልቅ ትርፍ ሊባል ይገባዋል።

ሶማልኛ ተርጓሚ ያለበት ቦታ ሌላ ነው። የሶማልኛ ሁለተኛ መደብ ነጠላ የአክብሮት ደረጃም የጾታ ልዩነትም የለውም፤ «አዲጋ» ለሽማግሌም ለልጃገረድም አንድ ነው። የሂንዲው ሦስት ደረጃ በአንድ ተውላጠ ስም ውስጥ ይፈስሳል። ይህን ድህነት ብሎ መጥራት ግን ሶማልኛን አለማወቅ ነው። ሥራው ወደ ዝምድና ቃላት ይዛወራል። ሴቲቱ መጀመሪያ «ወላል» ትባላለች፣ ወይም «አባዮ»፤ ኋላ «ገዐሊሶ» ትሆናለች። ከእኅትነት ወደ ፍቅር የሚወስደው ይህ መንገድ ከአክብሮት ወደ ቅርበት ከሚወስደው ይልቅ አደገኛ ነው፤ «እኅቴ» ያለ ሰው ሊጠብቃት ቃል ገብቶአልና። የሕንድ ፊልም አድማጭ በጅቡቲ ከተማ የሚሰማው ክህደት ከሙምባይ ተመልካች ክህደት የተለየ ነው። ምናልባትም የከፋ ነው።

የዝምድና ቃል እንደ ወጥመድ ማገልገሉን ከሁሉ በላይ ያየው ፊልም ግን ሕንዳዊ አይደለም። ሌናርድ ካስል እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ብቸኛ ሥራው «ዘ ሀኒሙን ኪለርስ» በጥቁርና ነጭ፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ሲሆን፣ በ1951 በሲንግ ሲንግ ወኅኒ በሞት በተቀጡት በሬይመንድ ፈርናንዴዝና በማርታ ቤክ ታሪክ ላይ ይቆማል። ሬይ ብቸኛ ሴቶችን በደብዳቤ ያጠምዳል፤ ፊልሙ የስፓኝ ቅላጼ ሰጥቶታል፣ ማራኪነቱም ከዚያ ቅላጼ አይለይም። ከጎኑ ያለችውን ፍቅረኛውን ለተጠቂዎቹ «እኅቴ ናት» እያለ ያስተዋውቃታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የዚያች አንዲት ቃል ውጤት ነው። ካስል ለገዳዩ የልጅነት በደል አይፈልግለትም፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መብራቱ ባዶ ነው፣ ግድያው ረጅምና አስቀያሚ ነው። «ባዚጋር» በአንጻሩ ለጀግናው የአባቱን ጥፋት በቀል ያበጅለታል፤ በመጨረሻም በእናቱ እቅፍ ውስጥ ያስለቅስለታል። በዚህ ነጥብ ላይ የሕንዱ ፊልም ፈሪ ነው። ከጣሪያ ለተገፈተረችው ሲማ የሚያለቅስላት ዘፈን የለም።

ጅቡቲ ራሷም በፈረንሳይኛ መጻሕፍት ውስጥ የአባባይ ሰዎች መድረክ ሆና ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ1911 ወደዚያ የመጣው አንሪ ደ ሞንፍሬ ቆዳና ቡና ነጋዴ፣ ከዚያም የጦር መሣሪያ አሻጋሪ ሆነ፤ ሰልሞ አብድ ኤል ሃይ ተባለ፤ በ1931 «የቀይ ባሕር ምሥጢሮች»ን አሳተመ። ጆሴፍ ኬሴልም ከእርሱ ጋር ከተጓዘ በኋላ «ፎርቹን ካሬ»ን ጻፈ። በሁለቱም ዘንድ ማራኪነት ማለት ብዙ ቋንቋ መናገር ነው፤ ዐረብኛ የሚናገር ፈረንሳዊ ለፓሪስ አንባቢ ምትሃተኛ ይመስላል። ለጅቡቲ ነዋሪ ግን አራት ቋንቋ መናገር የዳቦ ገበያ ጉዳይ ነው። አባባዩን በብዙ ቋንቋ ማሳየት እዚያ ማንንም አያጥበረብርም።

የሚያጥበረብረው ሌላ ነው። «ደላላ» የሚለው ቃል ምንጩ ዐረብኛ ቢሆንም፣ በአማርኛ «ደለለ» ከሚለው ግሥ አጠገብ ስለሚያድር ሁለቱ በጆሮ ይዛመዳሉ። ከኢትዮጵያ ተነሥተው በጅቡቲ ምድር በእግር ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ለሚያልፉ ወጣቶች ይህ ዝምድና የቃላት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መጨረሻ በጎዶሪያ አቅራቢያ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ደላላው «ወንድሜ» ይላል፣ «እኅቴ» ይላል፤ የአገር ልጅነትን ይጠራል። ከጣሪያ የሚገፈትር እጅ አይታይም። በዚህ ምክንያት አንድ ተርጓሚ የሻህ ሩክ ካንን ገጸ ባሕርይ በደላላ ቅላጼ ቢያናግረው ሳቁ በአንዴ ይጠፋል፤ በከተማ ጎረምሳ ቅላጼ ቢያናግረው ፊልሙ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ምርጫው የተርጓሚው ነው፤ እስካሁን የድምፅ ትርጉም ጥናት ይህን ምርጫ እንደ ጥያቄ አላነሣውም ማለት ይቻላል።

የሰዋስው ጉዳይም እስከ መጨረሻው ትዕይንት ይከተላል። አጄይ ሲማን ከሕንፃው ጣሪያ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ፣ አቅፎ፣ ይለቃታል። አማርኛ ተርጓሚ «ገደላት» ካለ ሟቿ ከግሡ ጋር ታስራ ትቀራለች። ሶማልኛ ግን ለሦስተኛ መደብ ተሳቢ ተውላጠ ስም የለውም፤ «ዉ ዲለይ» ቢባል ገዳዩ አለ፣ የተገደለው ማን እንደሆነ ግሡ አይናገርም። የሶማልኛው ድምፅ ሟቿን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ለማስቀረት ከፈለገ ፊልሙ ቶሎ የረሳውን ስም ጠርቶ «ሲማ» ማለት አለበት።