የውሰት ሞላ

የጋዝጊብላ ወረዳን ጠጠራማ አቀበትና ቁልቁለት፣ ባልንጀራውንና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከኋላው አፈናጦ በሞተር ብስክሌት የተጓዘ ሰው፣ የገዛ አከርካሪው አስቀድሞ ስለ መሰከረለት፣ ስለ ኋላ ሾክ አብዞርበር ክብር ስብከት አያሻውም። ፋብሪካው ለለዘበ ጎዳና የሠራው ሲደክም ከሌላ ሞዴል ጠንካራውን አውጥቶ መግጠምን እኔ ከጥበብ እቆጥረዋለሁ፤ ጥበብ የሚሆነው ግን በልክ ሲሠራ ነው። ሞላው ሸክሙን ይሸከማል፤ ዘይቱም በጠባብ ቀዳዳ ተጨንቆ ሲያልፍ የሞላውን ቁጣ ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርዳል፤ ስለዚህ ዘይቱ የማይገዛው ብርቱ ሞላ ጋላቢውን እንደ እምቢተኛ በቅሎ ያነጥረዋል። ቁመቱ ከቀደመው ቢበልጥ የሞተሩ ኋላ ከፍ ይላል፤ መሪውም ይቀልላል፤ የሰንሰለቱ ውጥረትም እንደ ገና መታየት አለበት። የቡሎኑ ቀዳዳ ቢሰፋ ቶርኖ ቤት ማጥበቢያ ቦኮላ ይቀርጽለታል፤ ይህስ ቀላሉ ነው።

የኋላ ሾክ ጥበብ ለትልቅ ድልም በቅቷል፤ ቤልጅጋዊው መሐንዲስ ሉሲየን ቲልከንስ የግራና የቀኙን ሁለት ሾኮች በአንድ ተክቶ ያቀደውን ሥርዓት ያማሃ ተቀብሎት፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሆካን አንደርሰን በ250 ሲሲ ሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖበታል። እኔ ግን ከዚያ ድል ይልቅ፣ አሮጌውንና የውሰቱን ሾክ በጆንያ ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ፣ ሜትሩን ሦስት ጊዜ እየዘረጋ ዝም የሚለውን መካኒክ ማየት ደስ ይለኛል።