የኮፐንሃገን ትምህርት የመኪና እጦት ነውን?

በሕክምና ተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1952 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፥ የብሌግዳም ሆስፒታል የመተንፈሻ መኪና ስላነሰው፥ ተማሪዎች የጎማ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ብዙ ሰው አዳኑ ይባላል። ታሪኩ እውነት ነው። ነገር ግን ከታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ትምህርት፥ ማለትም «መኪና ሲጠፋ እጅ ይተካዋል» የሚለው፥ በእኔ አስተያየት ፍሬውን ትቶ ገለባውን የያዘ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አተረጓጎም መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። ሆስፒታሉ የነበሩት መሣሪያዎች ሕመምተኛውን እስከ አንገቱ የሚይዝ አንድ የብረት ሣጥንና ደረት ላይ የሚገጠሙ ስድስት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ። ይህ በእርግጥ ጥቂት ነው። ሆኖም በወረርሽኙ መጀመሪያ ሳምንቶች መተንፈስ ተስኗቸው በእነዚሁ መሣሪያዎች ከታከሙት 31 ሕመምተኞች መካከል 27ቱ ሞቱ። እንግዲህ እነዚህ ሟቾች መሣሪያ ያጡ ሳይሆኑ ያገኙ ናቸው። ገዳዩ እጦት ብቻ ቢሆን ኖሮ መሣሪያ ያገኙት በዳኑ ነበር።

ታዲያ የተሳሳተው ምን ነበር? ሕመምተኞቹ ከመሞታቸው በፊት ላብ ያጠምቃቸው፥ የደም ግፊታቸው ይጨምር፥ አእምሯቸውም ይደክም ነበር። ሐኪሞቹ ይህን ሁሉ በሽታው አንጎልን ስለ አጠቃ የመጣ ነው ብለው ተረጐሙት። በደም ምርመራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠቅላላ መጠን ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ፥ ደሙ ወደ አልካሊነት አዘንብሏል አሉ። ምርመራው ግን መጠኑን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም ነበር። የማደንዘዣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ለምክክር በተጠራ ጊዜ፥ የሟቾቹን የአስከሬን ምርመራ ተመልክቶ፥ ሳንባቸው አየር ሊቀበል ይችል እንደነበር ተረዳ። ምልክቶቹንም ከቀዶ ሕክምና ክፍል ያውቃቸው ነበር፤ በሚገባ የማይተነፍስ ሰው ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ደሙ አሲድ እንጂ አልካሊ አይደለም፥ ሕመምተኛው የሚሞተው መውጣት የነበረበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶበት ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

ኦገስት 27 ቀን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከጉሮሮዋ በታች የአየር ቧንቧዋ ተከፍቶ ቱቦ ገባላት። በመጀመሪያ ታገለች፥ አየሩም አልገባ አለ። ኢብሰን የሚያስተኛ መድኃኒት በሰጣት ጊዜ ትግሉ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ከረጢቱ ሲጨመቅ ሳንባዋ ተነፋ፥ ሁኔታዋም ተሻሻለ። ቀጥሎ 1,500 ያህል ተማሪዎች በየተራ ከረጢቱን ያዙ፤ የሟቾቹም መጠን ከቀድሞው ከግማሽ በታች ወረደ።

ከዚህ የምንረዳው የነገሩን ቅደም ተከተል ነው። በሽታውን በትክክል ማወቅ ቀደመ፥ እጅ ተከተለ። የኢብሰን ሐሳብ ባይኖር ኖሮ ከረጢቱን ማንም ባልፈለገው ነበር።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ «ኮፐንሃገን እኮ ላቦራቶሪም ነበራት፤ ፖል አስትሩፕ የደሙን አሲድነት ለክቶ አረጋግጧል» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ልኬቱ ያረጋገጠው በአልጋው አጠገብና በአስከሬኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀድሞ የታሰበውን ነው። ይልቅስ «እጅ ይተካዋል» ለሚሉት የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው። 1,500 ተማሪ፥ በቂ ኦክሲጅንና ነርሶች ያሉት ከተማ ድኻ አይባልም። ሌሊት አንድ ሐኪም ብቻ ባለበት ሆስፒታል ከረጢቱን የሕመምተኛው ወንድም ይጨምቀው ይሆናል፤ በሁለተኛው ሌሊት ግን የሚተካው ማን ነው? ይህን ሳይጠይቁ የተማሪዎቹን ትጋት ብቻ ማወደስ ለድኻው ሆስፒታል ምክር አይሆነውም።

ስሕተቱም ካለፈው ዘመን ጋር የቀረ አይደለም። እባብ ነድፎት ጡንቻው የዛለ፥ ወይም በተባይ መድኃኒት የተመረዘ ገበሬ ሲመጣ፥ ኦክሲጅን በጭምብል እየተሰጠው ጣቱ ላይ የተደረገው መለኪያ መልካም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። መሣሪያው ግን የሚለካው ኦክሲጅንን እንጂ የተከማቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም። እንደ 1952ቱ ሁሉ ቁጥሩ ያጽናናል፥ ሰውየው ይታፈናል። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፤ ትንፋሹን መቁጠር፥ ራሱን ከትራስ ቀና ለማድረግ መቻሉን ማየት፥ በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት እንደሚቆጥር መጠየቅና ይህንኑ በየጊዜው ጽፎ ማነጻጸር ነው። ቁጥሩ እያነሰ ከሄደ ትንፋሹ እስኪቆም መጠበቅ አይገባም።

ስለዚህ ታሪኩን ለአዲስ ተማሪዎች ስናስተምር ከከረጢቱ ባንጀምር ይሻላል። መጀመሪያ፥ «መሣሪያ ካገኙት 31 ሰዎች 27ቱ ለምን ሞቱ?» ብለን እንጠይቅ። መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን መጠበቅ አያስፈልግም።