ፍጻሜው የታወቀ ልብ ወለድ

ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ለሚጽፍ ደራሲ ዋናው ሀብቱ ምሥጢር ነው፤ አንባቢ ፍጻሜውን አስቀድሞ ካወቀ መጽሐፉን አጥፎ ያስቀምጠዋል ይባላል። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ፎርሳይት ግን ይህ አባባል ዘወትር እውነት አለመሆኑን በሥራው አስመስክሯል።

ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1938 በአሽፎርድ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የአየር ኃይል አብራሪ ነበር፤ ቀጥሎም የሮይተርስ ወኪል ሆኖ በፓሪስ ሲሠራ፣ በጄኔራል ደ ጎል ላይ የተጠነሰሰውን ሤራ በቅርብ ተከታተለ። በኋላም የቢያፍራን ጦርነት ዘግቦ በ1969 ስለዚያው መጽሐፍ አሳተመ። ገንዘብ ባለቀበት ጊዜ፣ በ1970 መጀመሪያ፣ «የቀበሮው ቀን» የተባለውን ልብ ወለድ በ35 ቀን ጻፈ።

ታሪኩ ደ ጎልን ለመግደል ስለ ተቀጠረ አንድ ነፍሰ ገዳይ ነው። ደ ጎል ግን መጽሐፉ በተጻፈበት ወራት በሕይወት ነበሩ፤ ከዚህ የተነሣ ረቂቁን የመለሱ አሳታሚዎች ነበሩ። በ1971 ታትሞ ሲወጣ ግን አንባቢ ተሻማበት። ምክንያቱም ደራሲው «ይገድላቸው ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «እንዴት እዚህ ድረስ ሊደርስ ቻለ?» ያሰኛል። ገዳዩ በሞተ ሕፃን የልደት ወረቀት ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ጠመንጃውን በልኩ ሲያሠራ፣ መርማሪው ለቤል ደግሞ የየሆቴሉን መዝገብ እያገላበጠ ሲከታተለው፣ አንባቢ የሁለት ሠራተኞችን ትጋት እንደሚመለከት ሰው ትንፋሹን ይይዛል።

ጉድለቱም ከዚሁ ብርታት ይመነጫል። ጠመንጃው ከነብሎኑ ተገልጦ ሳለ የገዳዩ ልብ ተዘግቶ ይቀራል። ስሙ እንኳ እስከ መጨረሻው አይታወቅም። ይህ ለዚህ መጽሐፍ ቢያምርም፣ በ1974 በወጣው «የጦርነት ውሾች» ግን የመሣሪያው ግዥ ከሰዎቹ ነፍስ ይልቅ ብዙ ገጽ ወስዷል።

በ2015 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ከቢያፍራ ጊዜ ጀምሮ ለአገሩ የስለላ ድርጅት ወሬ ያቀብል እንደ ነበር ገለጠ። ይህ በቢያፍራ በረኃብ ያለቁትን ሕፃናት ሐሰት አያደርጋቸውም። ነገር ግን የፎርሳይት ድርሰት ሁሉ የቆመው አንባቢ በዘጋቢው ቃል ላይ በጣለው እምነት ነው፤ ዘጋቢው ግን ሌላም ጌታ ነበረው። እንግዲህ ዝርዝር መብዛቱ ብቻውን የእውነት ምስክር እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይገባል።

ፎርሳይት በ2025 በ86 ዓመቱ ሲያርፍ መጻሕፍቱ ከ70 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠው ነበር። የወንጀል ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ደራሲ ከእርሱ ጥንቃቄን ይማር፤ የሰውን ልብ ግን ከሌላ ቦታ ይፈልግ።