«ድፍረት» እና የሽማግሌዎቹ ሸንጎ

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ከርዕሱ ጀምሮ ለተርጓሚ ፈተና ነው። «ድፍረት» በአማርኛ የልብ ሙሉነትም የበደልም ስም ነው፤ የደፈረ ጀግናም ይሆናል፣ ወንጀለኛም ይሆናል። ቃሉን ወደ ዐረብኛ የሚመልስ ሰው ወይ «ጁርአ» ብሎ ጀግንነቱን፣ ወይ «ኢግቲሳብ» ብሎ በደሉን ይይዛል እንጂ ሁለቱን ባንድ ማሰር አይሆንለትም።

ታሪኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ከደረሰ እውነተኛ ጉዳይ የተቀዳ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፤ የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ስትሸሽ የደረሰባትን ሰው ትገድላለች። በሜሮን ጌትነት የተወከለችው ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ፣ ልጅቱ ራሷን ተከላክላለች ብላ ትሟገታለች።

የፊልሙ ምርጥ ክፍል ግን ችሎቱ ሳይሆን በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ዳይሬክተሩ ሽማግሌዎቹን ጭራቅ አላደረጋቸውም። ተራ ጠብቀው ይናገራሉ፣ ይደማመጣሉ፣ ደም እንዳይቃባ ይጨነቃሉ። የሟች ወገን ክብር ይመዘናል፣ የአባትየውም ይመዘናል፤ ልጅቱ ግን በቦታው የለችም። (ኦሮምኛ በሚነገርበት አገር የደረሰ ታሪክ በአማርኛ ብቻ መሟገቱ ጆሮን መቆርቆሩ አልቀረም።)

ድክመቱ የሚጀምረው ዛፉንና ፍርድ ቤቱን እንደ ሁለት ባላንጣ ሲያቆማቸው ነው። ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ ለልማዱ ሲያደሉ ቢያሳይም፣ ሕጉ ራሱ ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል። እውነቱ ይህ አልነበረም። በጊዜው ይሠራ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የሸንጎው እርቅ በአንቀጽ ተጽፎ ኖሯል ማለት ነው። መንግሥት ይህን የሻረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ጋብቻም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም።

ለካርቱም ነዋሪ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የኦምዱርማን ፍርድ ቤት በ19 ዓመቷ ኑራ ሁሴን ላይ የሞት ፍርድ አሳለፈ። ያለ ፈቃዷ የተዳረችለት ባል፣ ዘመዶቹ ይዘውለት ደፍሯት ነበር፤ በማግሥቱ ሊደግም ሲል ወግታ ገደለችው። ዳኞቹ የሟችን ቤተሰብ ካሣ ወይስ ሞት ብለው ጠየቁ፤ ቤተሰቡም ሞትን መረጠ። እዚህ ዛፉ የበቀለው ችሎቱ ውስጥ ነው። ከዓለም ዙሪያ ጩኸት ከተሰማ በኋላ፣ በሰኔ ወር ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ወደ 5 ዓመት እስራትና 337,500 የሱዳን ፓውንድ የደም ካሣ ለወጠው። በዳኛ ፈቃድ የ10 ዓመት ልጅ እንድትዳር የሚፈቅደው የ1991 (እ.ኤ.አ.) የሱዳን የቤተሰብ ሕግ ግን በዚያ ፍርድ አልተነካም። «ድፍረት»ን ከኑራ በኋላ ያየ ሰው፣ የሂሩት ነፃ መውጣት ሲታወጅ እፎይ ለማለት ይቸገራል።

ፊልሙን ከሁሉ የከበደው ፈተና የገጠመው ከስክሪኑ ውጭ ነው። በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት ካገኘ ከወራት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤት ያለችው እውነተኛዋ ባለታሪክ ነበረች፤ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ነው ያለችው። እገዳው ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታይቷል። ስለ እርሷ ሲመከር እርሷ ያልተጠራችበት ሸንጎ ግን፣ በዚያ አቤቱታ ከተቆጠረ፣ ሁለተኛው ነበር።