ፍለጋው ራሱ ቅንብር ነው

ቤቱ ተቀምጦ ሪሚክስ የሚሠራ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ የድምፃዊውን ድምፅ ያለ ሙዚቃው ከየት አገኛለሁ? ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ከባድ ነበር። ዛሬ አንድ ላፕቶፕና አንድ ነፃ ፕሮግራም ያለው ወጣት የፈለገውን ዘፈን አስገብቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድምፁን ለብቻ፣ ድራሙን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ ያወጣል። በዚህም የተነሳ ብዙዎች ፍለጋው አብቅቷል ብለው ያምናሉ። እኔ አልቀበለውም። ድምፁ የተገኘበት መንገድ በላዩ ላይ ምን ዓይነት ቅንብር ሊሠራ እንደሚችል አስቀድሞ ይወስናል። ስለዚህ ሪሚክስ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ድምፁ ባለቤቶች ነው፤ ድምፅ የሚለየው ማሽን የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት።

የሙያው ታሪክ ይህን ይደግፋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጃማይካ ውስጥ በሸክላው ጀርባ ላይ የድምፃዊው ድምፅ የተወገደበትን ሙዚቃ ማተም ተለመደ። የድምፅ ባለሙያው ኪንግ ተቢ ከዚያ ተነስቶ ድምፁን አንዴ እያስገባ አንዴ እያጠፋ ዳብ የሚባለውን አሠራር ያሳደገው ድምፁና ሙዚቃው በየትራኩ ተለይተው የተቀዱበት ቴፕ እጁ ስለገባ ነው። በ1980ዎቹ ባለ 12 ኢንች ሸክላዎች ለዲጄዎች ተብሎ የተዘጋጀ አካፔላ (ያለ ሙዚቃ ድምፁ ብቻ) ይዘው መውጣት ጀመሩ። ራፐሩ ጄይ ዚ በ2003 ያወጣው የ«ዘ ብላክ አልበም» አካፔላ በይፋ ስለታተመ፣ አቀናባሪው ዴንጀር ማውዝ በማግስቱ ዓመት ድምፁን ከቢትልስ ሙዚቃ ጋር አጋጥሞ «ዘ ግሬይ አልበም»ን ሠራ። ሥራው እንዳይሰራጭ የሸክላ ኩባንያው ኢኤምአይ የተነሳበት ሳይፈቀድ በተወሰደው የቢትልስ ቅጂ ምክንያት ነው። ናይን ኢንች ኔልስ የተባለው ባንድ በ2005 የአንድ ዘፈኑን ትራኮች በነፃ ለቀቀ፤ የሬዲዮሄድ ባንድ አባላት በ2008 «ኑድ» የተባለውን ዘፈናቸውን በአምስት ክፍል ከፋፍለው ሸጡ። በእነዚህ ሁሉ ድምፁ የተገኘው ከምንጩ ነው።

ከምንጩ የተገኘ ድምፅ ጥቅሙ ንፁሕነቱ ብቻ አይደለም፤ ለቅንብር ነፃነት ይሰጣል። ኢኮና ሪቨርብ ያልተጨመረበት ደረቅ ቅጂ ተቆርጦ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር ምንም አይጎድልበትም። ኢኮው አብሮት የተቀዳ ድምፅ ግን የቀድሞውን ቤት ይዞ ይመጣል፤ ሐረጉ ሲቆረጥ ጅራቱ ይቆረጣል፣ አለዚያም በሚቀጥለው ሐረግ ላይ ይወድቃል፣ አዲሱ ኮርድ ሲገባም አሮጌውን ኖታ እየጎተተ ይቆያል። ለችክችካ ምት የተለካ ኢኮ በባለ አራት ምት ሃውስ ሙዚቃ ውስጥ ሲገባ ከድራሙ ጋር ይጋጫል። ፍጥነትም የራሱ ጣጣ አለው። በደቂቃ በ100 ምት የተዘፈነን ድምፅ ወደ 120 ማድረስ የእያንዳንዱን ክፍለ ቃል ርዝመት በአንድ ስድስተኛ ማሳጠር ነው። ደረቅ ድምፅ ይህን በደህና ይሸከማል፤ የሌላ መሣሪያ ቅሪት ያለበት ድምፅ ግን ሲሳብና ሲጨመቅ ይንቀጠቀጣል።

ማሽኑ ምን እንደሚሰጠን ለመረዳት እንዴት እንደተማረ ማየት ያስፈልጋል። የሙዚቃ አገልግሎት ኩባንያው ዲዘር በ2019 (እ.ኤ.አ.) በነፃ የለቀቀው ስፕሊተርና የፌስቡክ ተመራማሪዎች የሠሩት ዴሙክስ ድምፅን የሚለዩት ተለያይተው የተቀዱ ትራኮችን በብዛት ሰምተው ነው። በዘርፉ መመዘኛ ሆኖ የሚያገለግለው ሙስዲቢ18 የተባለው ስብስብ 150 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው አሥር ሰዓት ገደማ ይሆናሉ። አብዛኞቹ የምዕራቡ ዓለም ፖፕና ሮክ ሲሆኑ የተከፈሉትም በአራት ነው፦ ድምፅ፣ ድራም፣ ቤዝና «ሌላ»። ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት «ሌላ» ውስጥ መግባት አለባቸው። ማሲንቆ ግን ከሰው ድምፅ ጋር በሚቀራረብ ከፍታ የሚጫወት፣ የዘፋኙን ዜማ እግር በእግር የሚከተልና እንደ ድምፅ የሚንሸራተት መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ብዙም ያልሰማ ማሽን የማሲንቆውን ጫፍ በድምፁ ውስጥ ትቶት ቢሄድ አያስገርምም። እልልታውንና ተቀባዮቹንም የሰው ድምፅ ስለሆኑ ከዋናው ዘፋኝ ጋር አንድ ላይ ያወጣቸዋል።

ቋንቋችንም የራሱን ፈተና ይጨምራል። ጥ፣ ቅ፣ ጭ እና ጵ የሚፈነዱ፣ አጭርና ስለታም ድምፆች ናቸው። በትክክል ድራሙ በሚመታበት ቅጽበት ከተባሉ ማሽኑ ፍንዳታውን የድራሙ አካል አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ቃሉም ጥርሱ የወለቀ ሆኖ ይቀራል። ግጥሙ ለዜማ ማሟያ ብቻ በሆነበት ዘፈን ጉዳቱ ቀላል ነው። ሰምና ወርቁ በአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት በሚለወጥበት በአማርኛ ዘፈን ግን የደበዘዘ ፊደል የጠፋ ትርጉም ነው። ጆሮ ያለው ሰው ሪሚክሱን ከመጀመሩ በፊት የተነጠለውን ድምፅ ያለምንም አጃቢ ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥና እያንዳንዱ ቃል በግልጽ መሰማቱን ማረጋገጥ አለበት።

«የአሮጌዎቹ ዘፈኖች ትራክ የለም፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ እውነት አለው። የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) አምሃ ሪከርድስን ባቋቋመበት ዘመን ባንዱና ድምፃዊው አብረው ቆመው መቀዳታቸው የተለመደ ነበር፤ ከመጀመሪያውም ያልተለየ ድምፅ ከባለቤቱ ሊጠየቅ አይችልም። ቅጂው ሞኖ ከሆነ ደግሞ የግራና የቀኙን ልዩነት ተጠቅሞ መሐል ያለውን ድምፅ የመለየት የድሮ ዘዴ አይሠራም። ስለዚህ እዚህ ላይ ማሽኑ ተገቢ መሣሪያ ነው። ያኔም ቢሆን ፍለጋው ይቀጥላል፤ የሚፈለገው ግን ከሁሉ የተሻለው ቅጂ ይሆናል። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጣል፤ የተቆረጠውን ማንም ማሽን አይመልሰውም። ከካሴት የተገለበጠ ከሆነም ቴፑ በመፍጠኑ ወይም በመዘግየቱ ቅኝቱ ከፒያኖው ሊሸሽ ስለሚችል አዲሱን መሣሪያ ከድምፁ ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። ቅንብሩም ጉድለቱን አውቆ መሠራት አለበት። የማሲንቆ ቅሪት ከቀረ ማሲንቆን በአዲሱ ሥራ ውስጥ ማስገባት፣ ድምፁን ያለ አጃቢ ራቁቱን አለመተው፣ ሙሉ ዘፈን ከመውሰድም ንፁሕ የወጡትን አጫጭር ሐረጎች መምረጥ ይሻላል።

ሌላው ክርክር «የምንሠራው ቤት ውስጥ ነው፣ አንሸጠውም፣ ሁሉንም ካስፈቀድን ፈጠራ ይሞታል» የሚል ነው። ለመማር ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሞክርን ሰው የሚከለክል በጎ ምክንያት አይታየኝም፤ እጅ የሚፍታታው በዚህ ነው። ሥራው ወደ ሕዝብ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአገራችን አልበም ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር በየባለቤታቸው ስም ተለይተው ይጻፋሉ። ሪሚክስ የሚሠራ ሰው የሚተካው ቅንብሩን ብቻ ነው፤ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የድምፃዊው ሥራ በተነጠለው ድምፅ ውስጥ እንዳለ ይቀጥላል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለድምፃዊውና ለድምፅ ቅጂው አሳታሚም የየራሳቸውን መብት ይሰጣል። «አንሸጠውም» የሚለው መልስ እነዚህን ሰዎች ከሥራቸው አያስወጣቸውም።

ማስፈቀድ ፈጠራን ይገድላል የሚለውም የሙያውን አሠራር ያልተከተለ ፍርሃት ነው። የአሁን ዘፈኖች የሚቀዱት በኮምፒውተር ነው፤ አቀናባሪው ፋይሉን ካስቀመጠው ደረቁ ድምፅ ከነፍጥነቱና ከነቅኝቱ ሊገኝ ይችላል። የጠየቀ ሰው ማሽን የማይሰጠውን ያገኛል፦ ያልታተመ ሌላ ቅጂ፣ የተቀባዮች ትራክ ለብቻው፣ ዘፋኙ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደዘገየ የሚያብራራ ሰው። እንቢ ከተባለም መንገድ አይጠፋም። ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሲሚክስተር በተባለው ድረ ገጽ ላይ ዘፋኞች በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያስቀመጧቸው ድምፆች አሉ። ለአማርኛ ከሁሉ የሚሻለው ግን ድምፃዊ ጋብዞ የሕዝብ ዜማ እንደ አዲስ ማስቀዳት ነው። ያኔ ፍጥነቱን፣ ቅኝቱን፣ ትንፋሹን ሳይቀር አቀናባሪው ከዘፋኙ ጋር ተስማምቶ ይወስናል፤ ለሥራው የሚስማማ ድምፅ መፈለግ ቀርቶ ለድምፁ የሚስማማ ሥራ አብሮ ይወለዳል።

መለያ ፕሮግራሞቹ ነገ ከዛሬ የተሻሉ ይሆናሉ፤ በማሲንቆና በእልልታም የሚማሩበት ቀን ይመጣል ብዬ አምናለሁ፣ እንዲመጣም እፈልጋለሁ። ያ ቀን ሲመጣ ቅሪቱ ይቀንሳል፣ ፊደሉም ይጠራል። የድምፁን ምንጭ የማወቅ፣ ባለቤቱን የማነጋገርና ቅንብሩን በተገኘው ድምፅ ልክ የመሥራት ኃላፊነት ግን ከአቀናባሪው ትከሻ አይወርድም። ማሽኑ ድምፅን ከሙዚቃ መለየት ይችላል፤ የትኛው ድምፅ፣ በማን ፈቃድ፣ ለምን ዓይነት ቅንብር እንደሚለይ መወሰን የባለሙያው ሥራ ነው፤ ሪሚክስን ሙያ የሚያሰኘውም ይህ ነው።