የጌ ጋር ውበትና የባለቤቱ ትዝታ

እንደሚታወቀው ኪነ ሕንፃ ከሌሎች የጥበብ ዘርፎች የሚለይበት ዐቢይ ጠባይ አለው። ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ግጥምም በመጽሐፍ ታትሞ ሊኖር ይችላል፤ ቤት ግን ሰው ካልኖረበት ሙሉ የጥበብ ሥራ ሊባል አይችልም። ይህን እውነት ከሚያስረዱት የሀገራችን ቅርሶች አንዱ፣ በሐረር ጀጎል ውስጥ የሚገኘውና በሕዝቡ ቋንቋ «ጌ ጋር» የሚባለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው።

ወደ ሐረር የሚጓዝ ጎብኚ አስቀድሞ የሚያየው ውጫዊውን ገጽታ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ከአሚር ኑር ስም ጋር ተያይዞ የሚታወቀው የጀጎል ግንብ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች፣ በኖራና በደማቅ ቀለም የተቀቡት ግድግዳዎች ዐይንን ይማርካሉ። ስለ ከተማይቱ የሚሣሉ ብዙ ሥዕሎችም ከዚሁ አያልፉም። በቀለማት መካከል የምታልፍ ባለ ሻሽ ሴት ትታያለች፤ ከየትኛው ቤት እንደወጣች፣ በዚያም ቤት ማን እንደሚጠብቃት የሚጠቁም ነገር ግን አይገኝም። እንዲህ ያለው ሥራ ከመንገደኛ ፎቶግራፍ የሚበልጥበት ነገር ጥቂት ነው።

የዚህ አመለካከት ጉልህ ምሳሌ «የራምቦ ቤት» ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 ባሉት ዓመታት እየተመላለሰ በሐረር በንግድ ሥራ ኖሯል። ዛሬ በስሙ የሚጠራውና ሙዚየም የሆነው ባለፎቅ ቤት ግን እርሱ ካረፈ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ሕንፃው በእንጨት ሥራው የሚደነቅ በመሆኑ ነቀፌታው በእርሱ ላይ አይደለም። ነቀፌታው፣ ገጣሚው ባልኖረበት ቤት የገጣሚውን ትዝታ ሲፈልግ፣ ትውልድ ተወልዶ ያደገባቸውን ቤቶች ሳያያቸው በሚያልፈው ጎብኚ ላይ ነው።

የጌ ጋር ውበት ከግቢው በር በስተጀርባ ይጀምራል። ዋናው ክፍል፣ ማለትም ግድር ጋር፣ ከፍታቸው የተለያየ «ነደባ» የሚባሉ መደቦች አሉት። ከሁሉ የከበረው አሚር ነደባ ይባላል። ወደ ቤቱ የሚገባ ሁሉ በዕድሜውና በክብሩ መጠን መቀመጫውን ያውቃል፤ ልጅም አድጎ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የቤቱን ሥርዓት ሳይነገረው ይማራል። በጎን ያለችው ጠባብ ክፍል፣ ክርታት፣ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ናት። ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ይህንንም ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ከወደቁት ሰዎች ደም ጋር የሚያያይዝ ትውፊት አለ። እንግዳ ለዐይን ማረፊያ ብሎ የሚያደንቀው ቀለም ለባለቤቱ የሐዘን መታሰቢያ ነው ማለት ነው።

ግድግዳውን የሚያስጌጡት ስፌቶችም እንዲሁ ናቸው። ልጃገረዶች «ሞይ ጋር» በሚባለው የሥራ ቤት ተሰብስበው፣ በዕድሜ ከበሰለች ሴት እየተማሩ ስፌት ይሰፉ ነበር። የተሰፋው ለሠርግ ይቀርባል፤ ከሠርጉም በኋላ ሥርዓቱን ጠብቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስለዚህ የጌ ጋር ግድግዳ የእናትና የአያት እጅ የጻፈው የቤተሰብ መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ከጠፋ ግን ስፌቱ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከግንቡ ውጭ ያለው አትክልትም የዚሁ ቤት ክፍል ነበር። ቡናው፣ ጫቱ፣ ብርቱካኑና ሙዙ ከከተማው ኑሮ የማይነጠሉ ነበሩ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ያንን ግንኙነት ለወጠው። ይህ ሲታወስ ሌላውም እውነት ሊዘነጋ አይገባም። የብዙዎቹን አትክልት አፈር ይኮተኩት የነበረው በአካባቢው የሚኖረው የኦሮሞ ገበሬ ነው። መደብ የመቀመጫ ብቻ ሳይሆን የማዕረግም ስም እንደሆነ ሁሉ፣ የቤቱ ውበትም የአገልጋዩንና የሴቲቱን ድካም ይዟል። ትዝታን ማክበር ማለት የሚያኮራውን መርጦ መተረክ አይደለም፤ ድካሙ የማን እንደነበረ ጭምር መናገር ነው።

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምዝገባው ለግንቡና ለቤቶቹ ታላቅ ክብር ነው። ሆኖም ብዙ የሐረሪ ቤተሰቦች በተለያዩ ጊዜያት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄደዋል። አንዳንዶቹ ቤቶች የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። ቤቱ ገቢ ማግኘቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ድንጋዩንና እንጨቱንም ከመፍረስ ያድናል። ሆኖም አሚር ነደባ ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ቀይ አፈሩን በየዓመቱ ማደስ፣ መልኩን ጠብቆ ትርጉሙን መጣል ይሆናል።

ስለዚህ የጥበቃው ሥራ ለግንበኛ ብቻ የሚተው አይደለም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ እያንዳንዱን ስፌት ማን፣ ለማን ሠርግ እንደሰፋችው ሊያስጽፍ ይችላል። ሠዓሊው ከመተላለፊያው አልፎ፣ ሲፈቀድለት ጫማውን አውልቆ፣ በሚሰጠው መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ሊያይ ይገባል። የባህል ኃላፊውም ስለ ቤቱ ዕቅድ ሲያወጣ ስለ ነዋሪው ኑሮ አብሮ ማሰብ አለበት። ከሀገር የወጡት ልጆች አንድ ቀን ሲመለሱ ቀለሙ የታደሰ ግድግዳ ማግኘታቸው መልካም ነው፤ የአያታቸውን ስፌት ለይቶ የሚያሳያቸው ሰው ማግኘታቸው ግን ከዚያ ይበልጣል።